እማሆይ ያስተማሩበት ዓመት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቸገረኝ ነገር ቢኖር፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ ለሰው ማስረዳት ነው። በቀደም ሞላሌ ገበያ ገብስ ልሸምት ሄጄ፣ ሻጯ ሴትዮ እየሰፈረችልኝ የምን ሠራተኛ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አስተማሪ ነበርኩ አልኳት። የምን አስተማሪ? ሐኪም የሚሆኑ ልጆችን፣ ገና በመጀመሪያው ዓመታቸው፣ የሰውን ገላ ከቆዳው እስከ አጥንቱ አስተምር እንደነበር ነገርኳት። በምን ላይ እንደማስተምራቸው ስትጠይቀኝ፣ በሰው ላይ ነው አልኳት። አማተበችና ገብሱን ቶሎ ቋጥራ ሰጠችኝ።

አልተቀየምኳትም። እኔም የተወለድኩት እዚያው ደጋ፣ ቀየት አጠገብ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። ሬሳ ሳይቀበር ከቆየ መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ይጨነቃል። አናቶሚ ልማር አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን እኔም እህል ባፌ አልዞር ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፍርሃት ያወጡኝ መምህሬ ዶክተር ታፈሰ ናቸው።

ዶክተር ታፈሰ አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እጅጌያቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነበሩ። ወደ አስከሬኑ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሲወጣማ ማንም ይታጠባል፤ ሳይገባ የሚታጠብ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። አንድ ተማሪ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፣ ሰው ቤት ስትሄድ ቆሽሸህ ትገባለህ ወይ ብለው መለሱለት። ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ሰው ደግሞ አንቱ ነበር የሚሉት። ክንዳቸውን ቀና አድርጉላቸው፣ ፊታቸውን ሸፍኑላቸው ይላሉ እንጂ አንድም ቀን "ሬሳው" ሲሉ አልሰማሁም። ተማሪ ተሳስቶ "የሱ ጉበት" ካለ፣ "የሳቸው" እስኪል ድረስ ሥራውን አቁመው ይጠብቁታል።

ሲያስተምሩ በሁለት እጃቸው ነበር የሚሥሉት። በቀኝ እጃቸው ከልብ ደም የሚያወጣውን ደም ቅዳ በቀይ ጠመኔ፣ በግራቸው ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም መልስ በሰማያዊ፣ ሁለቱን እኩል ያወርዷቸዋል። መጨረሻ ላይ ነርቩን በቢጫ ያክሉበታል። አጥንት ሲያስጠኑን ደግሞ የእጅ አንጓ አጥንቶችን በከረጢት ከተው እጃችንን እንድናስገባ ያደርጉናል። ሳናይ፣ በመዳሰስ ብቻ፣ የትኛው አጥንት እንደሆነና የቀኝ ይሁን የግራ እንድንናገር ነው። መጀመሪያ የዕቃቃ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ማወቅ ሲጀምር፣ ፍርሃቴ መቼ እንደለቀቀኝ እንኳን ሳላስተውል ቀረሁ።

ተመርቄ በሁለት የደቡብ ከተሞች ነርሶችን አስተማርኩ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ከወር ወር ያደርሳል። አንዱ አለቃዬ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያለ ምን ያስጨንቅሻል ይሉኝ ነበር። ሥዕል ጥሩ ነው፤ ግን ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ተቀምጬ የሰውን አንጀት በትክክለኛ ርዝመቱ በጨርቅ አሰፋሁ። ክፍል ገብቼ ጫፉን ለአንዲት ተማሪ አስይዤ ወደ በሩ እንድትሄድ ነገርኳት። ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩን ስታጋምስ ገና አላለቀም። አለቃዬም ሳቁን ሰምተው መጥተው አዩና፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕል አንሥተውብኝ አያውቁም።

እኛ ደጋ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ዝውውር ጠየቅሁ። ተፈቀደልኝና ጓዜን ጠቅልዬ መጣሁ። የተሰጠን ክፍል የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ታደሰ፣ ውኃ ገባለት፣ የብረት ጠረጴዛም መጣ። የጎደለው አስከሬን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ያስተማርኩት በበግ ነው። የመንዝ በግ እንኳን አይቸግርም። ከሉካንዳ ቤቶቹ ልብና ኩላሊት እየለመንኩ ሳመጣ፣ ልጆቹ ጋቢያቸውን በጋዋናቸው ላይ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ይከፍቱታል። ችግሩ ጾም ሲገባ ነው። በሁዳዴ ቢላዋ የሚያነሣ ሉካንዳ የለም። ስለዚህ ልብን ከቅበላ በፊት ካላስተማርኩ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ግድ ይሆንብኛል። አንድ ተማሪ የልብን ክፍሎች በፈተና ላይ አሟልቶ ሲጽፍ፣ ደም የሚያሳልፉት የሁለት በሮች ስም ቢጠፋበት "ጾም ገባብን" ብሎ ጻፈልኝ። ስቄ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። በልቤ ግን ይቆረቁረኝ ነበር። የበግ ልብ የሰው ልብ አይደለም፤ የበግ ዳሌማ ጭራሹን አይገናኝም።

በሁለተኛው ዓመት ከትልቅ ከተማ አንድ አስከሬን ተፈቀደልን። ወገን ያልተገኘላቸው ጎልማሳ ሰው ነበሩ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት መኪናው በየቦታው እየቆመ ከታሰበው ጊዜ ዘግይቶ ደረሰ። ስቀበላቸው ማድረቂያው መድኃኒት፣ ፎርማሊኑ፣ ወደ ሆዳቸውና ወደ እግራቸው በደንብ እንዳልደረሰ አየሁ። የጭናቸውን ደም ቅዳ ከፍቼ እንደገና ልሞላላቸው ሞከርኩ። ያዘዝነው ፎርማሊን ግን ያው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ እጄ ላይ ያለው ጥቂት ነበር። ያለኝን ሰጠኋቸው፤ የቀረውን የአገሬ ብርድ ይሸፍንልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ብርዱ አልሸፈነልኝም። የመጀመሪያው ትምህርት ቀን ተማሪዎቹ ተሰልፈው ቆመው አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ፣ ሆዳቸው አረንጓዴ ሆኖ ተነፍቷል። ጣታቸውን ብነካው ቆዳው ተላቀቀ። መልሼ ሸፍኜ ልጆቹን አስወጣኋቸው። በዚያው ቀን ቄስ ለምነን፣ ወንዶቹ ተማሪዎች ጉድጓድ ቆፍረው ቀበርናቸው። መቃብሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ዘመድ የሌላቸው ሰው እኛ ዘንድ መጥተው፣ ልናቆያቸው ሳንችል ቀረን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም።

መዘዙ በዚያ አላበቃም። ሽታው ወደ ከተማው ወጥቶ ኖሮ፣ እዚያ ግቢ ሰው ይቀቅላሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ትዕግሥት የምትባል፣ ከግሼ የመጣች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ ወሬውን ሰምተው፣ ገበሬ ሰው ናቸው፣ ከሥራቸው ተነሥተው መጡና ልጃቸውን ይዘዋት ሄዱ። እያለቀሰች መጽሐፎቼን መለሰችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የሚገመግሙ ሰዎች መጡ። ክፍሉን ዞረው አዩና፣ በሚቀጥለው ዓመት አስከሬን ካልተገኘ አዲስ ተማሪ እንደማንቀበል፣ ያሉትም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚበተኑ ነግረውን ሄዱ።

እማሆይ ወለተ ማርያም የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ቆብ ከመጫናቸው በፊት መርሐቤቴ ውስጥ፣ ዓለም ከተማ፣ ብዙ ዘመን አዋላጅ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙና ክፍሉን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አስገባኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የውኃውን ቧንቧ ከፍተው ዘጉ፤ የብረቱን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ለቁመቴ ይበቃል" አሉ።

አልገባኝም። ወንበር አቀረብኩላቸውና ተቀመጡ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "እኔ የሴትን ማህፀን የተማርኩት ምጥ ላይ ባሉ ሴቶች ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ደም ሲፈሳቸው፣ ከየት እንደሚፈስ ሳላውቅ እጄ ላይ አለፉ። እስከ ዛሬ በጸሎት ስማቸውን እጠራለሁ። ያንቺ ልጆች በሕያው ሴት ላይ አይማሩ። በእኔ ይማሩ።"

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ነገሩ ግን በእሳቸው ፈቃድ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። አንድ ልጅ አላቸው፤ ጌታቸው ይባላል፣ ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ አውቶቡስ የሚነዳ ሾፌር ነው። እሱም፣ የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ክንፈም፣ እኔም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰበሰብን። ጌታቸው ዓይኑ ቀልቶ፣ አገሬው እናቱን ሸጠ ይለኛል፣ በየመናኸሪያው ምን ብዬ እቆማለሁ አለ። አለቃ ክንፈም ቆራጥ ሰው ናቸው፤ ገላ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው፣ ተገንዞ በክብር ማረፍ አለበት፣ መነኩሲትማ ይልቁንም አሉ።

እማሆይ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ወደ አለቃው ዞሩ።

"አባቴ፣ ቆብ የጫንኩ ዕለት መሬት ላይ አስተኝተው ግንዘት ያነበቡልኝ እርስዎ አይደሉ?"

"እኔ ነኝ" አሉ አለቃው።

"እንግዲያው ለዚህ ዓለም የዚያን ዕለት ሞቻለሁ። ጸሎቴም ተደርሷል። የቀረኝ ይሄ ሥጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ሥራ ቀርቶታል።"

አለቃ ክንፈ ወደ እኔ ዞሩ። ከእማሆይ ገላ አንዳች ሳይጎድል ትመልሻለሽ ወይ አሉኝ። እመልሳለሁ አልኩ፤ የምናነሣው ሁሉ፣ ጥቂቷ ሳትቀር፣ በእሳቸው ዕቃ ተቀምጦ አብሯቸው እንደሚቀበር አስረዳኋቸው። ዓመቱ ሲያልቅ በዚሁ ደብር እንዲቀበሩ፣ ልጆቹም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ዕለት ዕለት አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግሙ፣ ሌላ ሃይማኖት ያለውም እንደየእምነቱ በዝምታ እንዲቆም አዘው ፈቀዱ። ጌታቸው አልፈቀደምም፣ አልከለከለምም። የእናቱን እጅ ስሞ ወጣ።

እማሆይ በክረምቱ መውጫ ታመሙ። ብዙም አልተኙ። አንድ ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ ጌታቸው ነበር። እናቱ ማረፋቸውን ነገረኝና "መምህርት፣ እንደ ቃሏ ይሁን" አለኝ።

ጸሎቱ ከተደረሰ በኋላ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ሕዝቡ ተከትሎ፣ ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። የመቃብሩን በር አልፎ ወደ እኛ ግቢ ሲያቀና ያላወቀው ሰው ቆሞ ቀረ። ያወቀው ግን አልተመለሰም። ከፊት ቃሬዛውን የተሸከመው ጌታቸው ነበር።

በሩን ዘግቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ፎርማሊኑን አስቀድሜ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አስጭኜ አስቀምጬ ነበር። እጄን ታጠብኩ። የጭናቸውን ደም ቅዳ አወጣሁና ቀጭኑን ቱቦ አስገብቼ አሰርኩት። መድኃኒቱን በግፊት አልሰደድኩትም። ዕቃውን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እንዲወርድ ተውኩት፤ በግፊት ከተሰደደ ስስ ደም ሥሮችን ያፈነዳና ፊት ያሳብጣል። እየወረደ ሳለ እጃቸውን ከትከሻ ወደ ጣት፣ እግራቸውን ከጭን ወደ ታች እያሸሁ መንገድ አሳየሁት። ጆሯቸው መልኩን ለወጠ፤ መድኃኒቱ መድረሱ ነው። ቀጥሎ የእጃቸው ጣቶች ጠንከር አሉ። እግራቸው ነበር የሚያስፈራኝ። የግራውን እግር አውራ ጣት ይዤ ጠበቅሁ፤ ስጫነው ቆይቶ እንደ ሰም ገተር አለልኝ። ብቻዬን ነበርኩና ጮክ ብዬ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ወሬው ግሼ ሳይደርስ አልቀረም። የትዕግሥት አባት ልጃቸውን ይዘው መጡና ውጭ ቆመው አስጠሩኝ። እውነት መነኩሲት ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። በፈቃዳቸው? በፈቃዳቸው፣ በአለቃው ቡራኬ አልኳቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እሳቸው ገላቸውን ከሰጡ፣ እኔ ልጄን ብሰጥ ምን አለበት" አሉና ትዕግሥትን በትከሻዋ ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ስነግራችሁ ዛሬም ልቤ ይሞላል። ልጆቹ ሳላዛቸው እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ። ጸሎቱን ይደግማሉ። በሁለት ዓመት ያላስተማርኩትን በሁለት ወር አስተማርኩ። የእማሆይ የቀኝ መዳፍ ጅማቶች ወፍራምና ጥብቅ ነበሩ፤ ስንት ሕፃን የተቀበለ እጅ እንደሆነ ለልጆቹ ነገርኳቸው። የልባቸውን በሮች ሲያዩ ደግሞ ስለ ጾም የቀለደ አልነበረም።

ዳሌው ላይ ስንደርስ ትዕግሥት ቦታውን እኔ ልክፈት ብላ ለመነችኝ። ስቡን በወረንጦ ጥቂት በጥቂት እያነሣች፣ ምላጭ ሳትጠቀም፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ ዋለች። ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ቅዳ አገኘችው። ከዚያ ከሥሩ ሌላ ነጭ ቱቦ ሲያልፍ አየችና ጠራችኝ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቧንቧ ነበር። ደም የሚያቆም ሐኪም ተቻኩሎ ደም ቅዳውን ሲያስር፣ ያንንም አብሮ ቢያስረው ታማሚዋን ሌላ ሞት ውስጥ እንደሚከታት አስረዳኋት። ከሥሩ ክር አሳለፈችና ደም ቅዳውን ቀስ ብላ አነሣችው። ሌሎቹም ተራ በተራ እየመጡ አዩ። ከመጽሐፍ ላይ ደጋግመው ያነበቡት ነገር ነው፤ ፊታቸውን ላየ ግን ያን ቀን ገና የሰሙት ይመስላል።

ገምጋሚዎቹ ተመልሰው መጡ። ተማሪዎቹን በጠረጴዛው ዙሪያ እያቆሙ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ እየጠቆሙ፣ እያነሡ፣ "የእማሆይ ይሄ፣ የእማሆይ ያ" እያሉ መለሱ። ከመካከላቸው ሸምገል ያለው ሰውዬ ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ በዚህ ክፍል ተማሪ ሆኖ መግባት እንዳማረው ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ ተረፈ። የዚያ ዓመት ተማሪዎቼም አንድ ሳይወድቅ አለፉ።

የቀብሩ ቀን ልጆቹ ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ከግቢያችን ወጡ። ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም ተራ እየተቀባበለ ነው የተሸከመው። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ጌታቸው አውቶቡሱን በሩ ላይ አቁሟል። ከመርሐቤቴ ያመጣቸው ሴቶች ሞልተውበት፣ እየወረዱ አያልቁም። እናቱ ያዋለዷቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን፣ አንዷ ደግሞ የልጅ ልጇን ይዛ መጥታለች። በየመናኸሪያው ምን ብዬ እቆማለሁ ያለው ሰው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከእሱ ጀምሮ እየጨበጠ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር።

አለቃ ክንፈ ፍትሐቱን አድርሰው ባረኩ፤ የእማሆይ ሥጋ አንዳች ሳይጎድል መመለሱንም ለሕዝቡ ተናገሩ። ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቄስ ትቀበላላችሁ?" አሉኝ። እንቀበላለን አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ገላቸውን ከሰጡን ብዙዎቹ እዚያው ደጋ ተወልደው፣ እዚያው አርሰውና በግ አርብተው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ትዕግሥት ሐኪም ሆነች፤ ቀጥላም በማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሆና ዓለም ከተማ ተመደበች። ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ደስታ አለበት። አንዲት ወላድ ከገጠር በቃሬዛ መጥታ፣ ልጁ ከወጣ በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ፣ መድኃኒቱም አልሠራ ብሎ፣ ትዕግሥት ሆዷን ለመክፈት ተገደደች። ደም ሞልቶት የሚታይ ነገር አልነበረም። በጣቷ ዳስሳ ደም ቅዳውን አገኘችው፣ የሽንቱን ቧንቧ ከሥሩ ለይታ አራቀችው፣ አሰረችው። ደሙ ቆመ።

"ድናለች" አለችኝ። "ማህፀኗም ተርፏል።"

በማግሥቱ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ያው ነው፤ ወገቤ ተቀጠቀጠ። ትዕግሥት በሩ ላይ ተቀብላ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ትራስ ተደግፋ፣ አጥሚት እየጠጣች ነው። ከንፈሯ ገና ነጣ ያለ ነው። ትዕግሥት መምህሬ ናቸው ብላ ስታስተዋውቀኝ ልትነሣ ሞከረች፤ እንዳትነሣ በእጄ ያዝኳት። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ልጇን ልታቀፍ ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከጎኗ አንሥታ ሰጠችኝ። ሴት ናት። ክብደት አላት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና አዛጋች።